መርዶ በሮበን ደሴት

በአገራችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ወግ አለው፤ ሰዓት አለው፤ ሰው አለው። የሞተበት ሰው ሳይሰማ ጎረቤትና ዘመድ ቀድሞ ይሰማል፤ በሹክሹክታ ይጠራራል፤ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል። ማን ይንገረው? ማን ከፊት ይግባ? ማንስ ከጎኑ ይቁም? እየተባለ ይመከራል። እራቱን እንዲበላ ይተዉታል፤ ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዉታል። ከዚያም ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎችና እናቶች ደጁን ያንኳኳሉ። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያይ የመርዶው ግማሽ ተነግሮታል። የቀረውን ግማሽ የሚናገረው ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ነው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ግን ግራና ቀኝ እጁን የያዙት ሰዎች አሉ፤ መሬት እንዳይወድቅ፣ ፊቱን እንዳይነጭ፣ ራሱን ከግድግዳ እንዳያላትም።

በባዕድ አገር የሚኖረው ወገናችንም ይህን ወግ ይዞት ተሰዷል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሰው እናቱ አገር ቤት ብታርፍበት፣ ቤተ ሰቡ የሚደውለው ለእርሱ ሳይሆን ለወዳጁ ነው። ወዳጁም ሌሎችን ያስተባብርና ሰውየው ወደ ሥራው ከመውጣቱ በፊት በማለዳ ተሰብስበው ይሄዱበታል። ስልክ ባለበት ዘመን፣ ቃሉ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ውቅያኖስ በሚሻገርበት ዘመን፣ ቃሉን ሆን ብለን እናዘገየዋለን። የምናዘገየው ሰው እስኪሰበሰብ ነው። ከዚህ ተነሥቼ ሳስበው መርዶ ማለት ወሬው ብቻ አይደለም፤ ወሬውን ይዞ የመጣው ሰው ጭምር ነው።

እንግዲህ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረ ጥያቄ አለ። መርዶ የሚነገረው ሰው እስረኛ ቢሆንስ? ደጁን የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፤ ደጁም የእርሱ አይደለም። ዘመዱም፣ ሽማግሌውም፣ ነጋሪውም ያሰረው መንግሥት ነው። ይኸው መንግሥት መርዶውን መቼ ይነግረዋል? እንዴት ይነግረዋል? ከነገረውስ በኋላ ምን ይፈቅድለታል? እስረኛው በተለይ ዓለም የሚያውቀው፣ ጋዜጣ የሚፈልገው ሰው ሲሆን ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ኀዘኑ የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀርና የመንግሥት ሥጋት ይሆናል።

ይህን ጥያቄ ይዤ የኔልሰን ማንዴላን የሕይወት ታሪክና ከእስር ቤት የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ ሰነበትሁ። ውድ አንባቢ፣ ያገኘሁትን እነሆ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማንዴላ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። በ1962 መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በከፈቱት የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናግረዋል፤ በዚያው ዓመት ተመልሰው መጥተው በኮልፌ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ የበላይነት፣ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናቸውን አቋርጠው ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኦገስት 5 ቀን 1962፣ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ለ27 ዓመታት የነጻ ሰው አየር አልተነፈሱም።

በሪቮኒያ ችሎት ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በ1964 ወደ ሮበን ደሴት ሲወሰዱ የጠበቃቸው ሕግ፣ ከምንም በላይ፣ የወሬ ሕግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፖለቲካ እስረኛ በስድስት ወር አንድ ደብዳቤ ብቻ ይጽፍና ይቀበል ነበር፤ ደብዳቤውም ከ500 ቃላት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጠያቂም እንዲሁ በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ከመስታወት ማዶ። የሚወራው የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከወጡ አጠገባቸው የቆመው ጠባቂ ንግግሩን ያቋርጠዋል። የሚመጡት ደብዳቤዎች በመርማሪ እጅ ያልፋሉ። መርማሪው ያልወደደውን መስመር መጀመሪያ በቀለም ይሸፍነው ነበር፤ እስረኞቹ ቀለሙን አጥበው ማንበብ መቻላቸው ሲታወቅ ግን በምላጭ ቆርጦ ማውጣት ጀመረ። በደብዳቤው ጀርባ የተጻፈውም አብሮ ይቆረጣል። ለወራት የተጠበቀች ደብዳቤ መስኮት በመስኮት ሆና ትደርሳለች።

ጋዜጣ ፈጽሞ የተከለከለ ነበር፤ እስከ 1980 ድረስ አልተፈቀደም። በመሆኑም በዚያች ደሴት ላይ ከወርቅ ይልቅ የሚፈለገው ጋዜጣ ነበር። ጠባቂዎች ምሳቸውን ጠቅልለው ያመጡበትን ቅዳጅ ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ ለቅመው፣ ቅባቱን ጠርገው ያነቡ ነበር። ሊሰብክ የመጣ የሃይማኖት ሰው ጉባኤውን ዐይኑን አስጨፍኖ ጸሎት ሲያደርስ፣ አንደኛው እስረኛ ኤዲ ዳንኤልስ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከቦርሳው ጋዜጣ ማውጣቱን ማንዴላ በፈገግታ ጽፈውታል። እርሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን ጠባቂ የረሳውን ጋዜጣ አግዳሚ ላይ አግኝተው ወደ ክፍላቸው ይዘው በመግባት ሲያነቡ እጅ ከፍንጅ ተያዙና ሦስት ቀን ያለ ምግብ በብቻ ክፍል ተቀጡ።

ግንቡ ሁለት ገጽ ነበረው። ከውጭ ወደ ውስጥ ወሬ እንዳይገባ እንደሚከለክለው ሁሉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭም እንዳይወጣ ይከለክላል። የ1959 የወህኒ ቤቶች ሕግ የእስረኛን ፎቶግራፍ ማተምንና ስለ እስር ቤቶች ሐሰት የተባለን ነገር መጻፍን ወንጀል አድርጎ ነበር። ራንድ ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ በ1965 ስለ እስር ቤቶች ሁኔታ ተከታታይ ጽሑፍ በማውጣቱ፣ ዋና አዘጋጁ ሎረንስ ጋንዳርና ጋዜጠኛው ቤንጃሚን ፖግሩንድ ከረጅም ክርክር በኋላ በ1969 ጥፋተኞች ተባሉ። ዓመቱን፣ ውድ አንባቢ፣ ልብ ይበሉልኝ፤ እንመለስበታለን።

ጋዜጣ በተከለከለበት በዚያው ደሴት ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ይፈጸም ነበር። ማንዴላ ከኖራ ድንጋይ ማውጫው ሥራ ውለው አመሻሽ ላይ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ፣ በጥንቃቄ የተቆረጠ የጋዜጣ ቅዳጅ መኝታቸው ላይ ተቀምጦ ያገኙ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው አይነገርም። በቅዳጁ ላይ ያለው ወሬ ሁልጊዜ ስለ ባለቤታቸው ስለ ዊኒ ነው፤ ሁልጊዜም ደስ የማይል ነው። ለሦስት ቀን ረኀብ የሚያስቀጣው ጋዜጣ፣ ልብ የሚሰብር ወሬ ሲይዝ፣ እንደ ስጦታ ይቀርባል። ወህኒ ቤቱ የሚፈራው ወሬን አይደለም ማለት ነው፤ የሚፈራው ወሬው ከእጁ መውጣቱን ነው። ወሬ ሲያጽናና ይከለከላል፤ ሲያቆስል መንገዱ ይጠረግለታል።

እንግዲህ ወደ መርዶው እንምጣ።

በ1968 የማንዴላ እናት ኖሴኬኒ ከትራንስካይ ገጠር ተነሥተው ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ደሴቲቱ መጡ። አብረዋቸው የማንዴላ እኅት፣ ልጃቸው ማክጋቶና ልጃቸው ማካዚዌ ነበሩ። መንገዱ ሩቅ መሆኑ ታይቶ ግማሽ ሰዓቱ ወደ ሦስት ሩብ ሰዓት ተራዘመላቸው። ማንዴላ በመስታወቱ ማዶ እናታቸውን ሲያዩ መክሳታቸውንና ፊታቸው መጠውለጉን አስተዋሉ፤ ሲሄዱም ዳግመኛ አላያቸው ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣባቸው። አልተሳሳቱም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ እናታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ፤ መርዶው ከማክጋቶ በተላከ ቴሌግራም መጣ።

ማንዴላ ለእናታቸው የመጀመሪያና ብቸኛ ወንድ ልጅ ነበሩ፤ በሕዝባቸው ወግ እናትን የመቅበር ግዴታ የእርሳቸው ነው። ስለዚህ ለቀብር እንዲሄዱ ፈቃድ ጠየቁ። የወህኒ ቤቱ አዛዥ የመለሰላቸውን ሳነብ ቆም ብዬ አስቤአለሁ። አዛዡ እርሳቸውን ቃላቸውን አክባሪ ሰው መሆናቸውን እንደሚያውቅ፣ ያመልጣሉ ብሎ እንደማይጠረጥር ነገራቸው፤ የማያምነው ግን ወገኖቻቸውን ነው፤ ጠልፈው ይወስዷቸዋል ብሎ ይሠጋል። እንግዲህ የተፈራው ኀዘንተኛው ሳይሆን ለቅሶው ነው፤ ለቅሶው የሚሰበስበው ሕዝብ፣ ሕዝቡም የሚስበው ዐይን። የወህኒ ቤት ሹም በመርዶ ፊት ሲቆም የሚሰላው ስሌት ይህ ነው። ስሌቱን እንደ ሥራው ልረዳለት እችላለሁ፤ ነገር ግን ስሌቱ ሲያልቅ እናት ያለ ልጅ ተቀበረች።

የሚቀጥለው ዓመት 1969 የባሰ ሆኖ መጣ። ሜይ 12 ቀን ዊኒ በሌሊት ከቤታቸው ተወሰዱ፤ በሽብር ሕጉ መሠረት ያለ ፍርድ፣ ለብቻቸው ታሰሩ። ሁለቱ ሕፃናት ሴቶች ልጆች፣ የዐሥርና የስምንት ዓመት፣ አባትም እናትም የሌሉበት ቤት ቀረላቸው። በጁን ወር ማንዴላ ለሁለቱ ልጆቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ እናታችሁ ዳግመኛ ታስራለች፣ አሁን እርሷም አባታችሁም እስር ቤት ነን ብለው ነገሯቸው። አስቡት፤ እስረኛው ራሱ መርዶ ነጋሪ ሆነ፤ ያውም ሕፃናቱን እቅፍ ሳያደርግ፣ በወረቀት፣ በመርማሪ ዐይን ሥር።

እነዚህን ደብዳቤዎች ዛሬ የምናነብባቸው መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። ማንዴላ ደብዳቤዎቻቸው እየተያዙ እንደማይደርሱ ስለ ተገነዘቡ፣ የጻፉትን ሁሉ በጠንካራ ሽፋን ደብተር ላይ ይገለብጡ ነበር። ደብተሮቹን በ1971 ጠባቂዎች ወሰዷቸው። በ2004 አንድ የቀድሞ የጸጥታ ፖሊስ መልሶ ሰጣቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተደብቆ የኖረ ኀዘን እንደ ተጻፈ ተገኘ።

ጁላይ 13 ቀን 1969 የማንዴላ የበኵር ልጅ ማዲባ ቴምቤኪሌ፣ በቤት ስሙ ቴምቢ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር፤ የሁለት ሕፃናት አባትም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ማንዴላ ወደ ዋናው ቢሮ ተጠሩ። ቴሌግራም ተሰጣቸው። ባለ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ለታሪክ ወዳጆች አንድ ነገር ልጠቁም። ማንዴላ በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ቴሌግራሙ ከልጃቸው ከማክጋቶ እንደ መጣ ይተርካሉ። በዚያው በጁላይ 16 ለዊኒ በጻፉት ደብዳቤ ግን ቴሌግራሙን የላከው አንድ ጠበቃ ነው፤ የተጻፈውም ለእርሳቸው ሳይሆን ለወህኒ ቤቱ አዛዥ ሆኖ፣ አዛዡ ለእስረኛው እንዲነግር የሚጠይቅ ነው። የዕለቱ ደብዳቤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ከተጻፈው ትዝታ ይልቅ ይታመናል ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ ግን ስሕተት ብቻ ሆኖ አይታየኝም። የእናታቸው መርዶ በማክጋቶ እጅ መጥቶ ነበር፤ ምናልባት ሁለቱ መርዶዎች በትዝታ ውስጥ ተቀላቅለው ይሆናል። ምናልባትም የአባት ልብ፣ ዓመታት ሲያልፉ፣ ያን ክፉ ቃል ከጠበቃና ከአዛዥ እጅ ነጥቆ ለሟች ወንድም ሰጥቶት ይሆናል። መርዶ የሥጋ ዘመድ ሊነግረው ይገባልና።

እንጀራዬ ከቅጽና ከማኅተም ጋር የተያያዘ ሰው ነኝ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ምን ሊሸከም እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል ከሥራዬ ዐውቃለሁ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ምክንያት ይሸከማል፤ ሐሰት የለበትም፤ ጉድለትም የለበትም። የዚያ ቴሌግራም ጉድለቱም በቃሉ ላይ አልነበረም። የሞተው ማን እንደ ሆነ፣ መቼና በምን እንደ ሆነ በትክክል ይናገራል። አዛዡም ደብቆ አላስቀረውም፤ በደረሰው ቀን ሰጠ። ግዴታው እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ አንድ አባት ወረቀት ይዞ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ማንዴላ መኝታቸው ላይ ተጋደሙ። ለእራት አልወጡም። ጓደኞቻቸው መጥተው በበሩ አዩዋቸው፤ እርሳቸው ግን አልተናገሩም። ከብዙ ሰዓት በኋላ ዋልተር ሲሱሉ ገቡ። ከመኝታው አጠገብ ተንበረከኩ። ማንዴላ ቴሌግራሙን ሰጧቸው። ሲሱሉ አነበቡት፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እጃቸውን ብቻ ያዙ። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆዩ ማንዴላ አያስታውሱም።

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጠባቂ በሚመላለስበት ኮሪደር ዳር፣ መርዶው ወደ ወጉ የተመለሰው በዚያ ሰዓት ነው። ሲሱሉ ማን ነበሩ? የማንዴላ የረጅም ዘመን ወዳጅ፣ ወደ ፖለቲካው ያስገቧቸው ሰው መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የቴምቢ እናት ኤቭሊን፣ የማንዴላ የመጀመሪያ ሚስት፣ የሲሱሉ የአክስት ልጅ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ቴምቢ ለሲሱሉም ሥጋቸው ነበር። ያን ወረቀት ሲያነቡ እርሳቸውም ተረዱ፤ መርዶ ሰሚም አጽናኝም ሆኑ። ማንም አልላካቸውም፤ የወህኒ ቤቱ ደንብም አላዘዘም። በእኛ አገር ነጠላ አዘቅዝቀው በማለዳ የሚመጡት ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ አንድ እስረኛ፣ በእስረኛ ልብስ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሠራው።

ማንዴላ በዚያው ቀን ለዊኒ ጻፉ፤ ለኤቭሊንም ጻፉ። ዊኒ በፕሪቶሪያ እስር ቤት ናቸው፤ ኤቭሊን በሩቅ አገር ልጃቸውን እያለቀሱ ናቸው። ከመታሰራቸው በፊት በአንድ ወቅት ቴምቢን ሲያገኙት እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የአባቱን አሮጌ ኮት ለብሶ እንደ ነበር አልረሱም። ሲለያዩም ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቤተ ሰቡን እኔ እጠብቃለሁ ብሏቸው ነበር።

ጁላይ 22 ቀን ደግሞ ለአዛዡ ማመልከቻ ጻፉ። ይህን ማመልከቻ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ለቅሶ የለበትም። ልጃቸው በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት መሞቱን ይገልጻሉ። የት እንደሚቀበር አያውቁም፤ ኬፕ ታውን፣ ጆሃንስበርግ ወይም ኡምታታ ይሆናል ብለው ይገምታሉ። በአጃቢም ይሁን ያለ አጃቢ እንዲሄዱ ይጠይቃሉ። ወጪውን ራሳቸው እንደሚችሉም ያክላሉ። እስረኛ፣ ገቢ የሌለው ሰው፣ የልጄን ቀብር ወጪ ለመንግሥት አላስከፍልም ይላል። ቀጥለውም ማመልከቻው ሳይደርስ ልጄ ተቀብሮ ከሆነ፣ መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ድንጋይ እንዳኖር ይፈቀድልኝ ይላሉ። ይህ በቀብር ላይ መገኘት ላልቻለ ሰው በሕዝባቸው ዘንድ የተጠበቀ ሥርዐት ነው። ከዐሥር ወር በፊት እናታቸውን እንዳይቀብሩ መከልከላቸውንም ያስታውሳሉ።

ማመልከቻው ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ስለ ሞተ ልጅ የተጻፈ ነው፤ አባትየው ግን አስከሬኑ የት እንዳለ እንኳ አልተነገረውም። ቴሌግራሙ የሸከመው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበርና። መልሱ እንደ ቀድሞው ሆነ፤ አልተፈቀደም።

ይህ ሁሉ የሆነው ሁለቱ ጋዜጠኞች ስለ እስር ቤት በመጻፋቸው ጥፋተኞች በተባሉበት ዓመት ነው። ማንዴላ ከልጃቸው መቃብር አጠገብ ቢቆሙ፣ ለዓመታት ፎቶግራፋቸው እንዳይታተም የተከለከለ ሰው ፊት በዓለም ጋዜጦች ላይ ይወጣ ነበር። ወህኒ ቤቱ በአንድ በኩል አባትን ከመቃብር፣ በሌላ በኩል ካሜራን ከአባት ይጠብቅ ነበር። የጋዜጣ ዐይን ብዙ ጊዜ ለእስረኛ መከታ ይሆናል እንላለን፤ እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ያው ዐይን የሹሙን ፍርሃት ያበዛና ለተራ እስረኛ ሊፈቀድ ይችል የነበረውን ያስከለክላል።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበር። በ1935 የብሪታንያ መንግሥት በህንድ አልሞራ እስር ቤት ያሰራቸውን ጃዋሃርላል ኔህሩን፣ ባለቤታቸው ካማላ በአውሮፓ በጽኑ ታምመው ሳሉ፣ ፍርዳቸው ሳያልቅ ለቀቃቸው። ኔህሩ ሄዱ፤ ካማላ በፌብሩዋሪ 1936 በስዊትዘርላንድ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበሩ። ቅኝ ገዢ እንኳ፣ ሲፈልግ፣ በር መክፈት ይችላል።

ተቃራኒው መንገድም አለ፤ መደበቅ። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ግራምሺ ኢትዮጵያን የወረረው የሙሶሊኒ መንግሥት እስረኛ ነበር። እናቱ በ1932 መጨረሻ በሰርዲኒያ ሞተች። ቤተ ሰቡ በሽተኛውን እስረኛ ይጎዳዋል ብሎ ደበቀው፤ እርሱም ለሞተች እናት ደብዳቤ መላኩን ቀጠለ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ለታመመና ለመንገደኛ ሰው መርዶ እንደብቃለን። መደበቁ ከፍቅር ነው። ነገር ግን ደብዳቤ እየጻፈ የሚኖረው ልጅ ሲታሰበኝ፣ ከመርዶ መከልከልም ከለቅሶ መከልከል እንደ ሆነ ይሰማኛል።

እኛም ብንሆን መርዶ በመንግሥት አንደበት ሲነገር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ በእስር የያዛቸውን የቀድሞ ሹማምንትና መኮንኖች ሲገድል፣ ከሟቾቹ ቤት ብዙው ነገሩን የሰማው በማግስቱ በሬዲዮ ነው። ስም ከስም ተከታትሎ ተነበበ። እዚያ ላይ መርዶው የተጓዘው ከእስር ቤት ወደ ቤት ነበር፤ አነጋገሩ ግን አንድ ነው። ቃሉ ቀድሞ ገባ፤ ሰው ከኋላ ደረሰ። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲሮጥ እናት ብቻዋን ሰምታ ጨርሳ ነበር።

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ሕግ አለ። የተባበሩት መንግሥታት በ1955 ባወጣው የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንብ ውስጥ፣ እስረኛ የቅርብ ዘመዱ ሞት ወይም ጽኑ ሕመም ወዲያውኑ ሊነገረው እንደሚገባ ተጽፎ ነበር፤ ሁኔታው ሲፈቅድ የታመመውን ሄዶ እንዲያይም ይላል። ስለ ቀብር ግን ዝም ይላል። እንግዲህ የሮበን ደሴት አዛዥ ቴሌግራሙን በዕለቱ ሲሰጥ ከዚያ ደንብ ጋር አልተጣላም ነበር። በዲሴምበር 2015 ደንቡ ታድሶ ሲወጣ፣ በ70ኛው አንቀጽ ላይ፣ እስረኛ ሁኔታው ሲፈቅድ በአጃቢ ወይም ያለ አጃቢ በዘመዱ ቀብር ላይ እንዲገኝ ሊፈቀድለት ይገባል የሚል ቃል ገባ። የታደሰው ደንብ ስሙ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ይባላል። በአጃቢም ይሁን ያለ አጃቢ የሚለውን ሳነብ የጁላይ 22ቱ ማመልከቻ ትዝ አለኝ። በ1969 ያልተመለሰ ማመልከቻ፣ ከ46 ዓመት በኋላ፣ አመልካቹም ካረፉ በኋላ፣ መልስ ያገኘ መሰለኝ።

ደንቡ ሊያዝ የሚችለው ግን ይህን ያህል ብቻ ነው። ወዲያውኑ ንገሩ ብሎ ያዛል፤ በሩን ክፈቱ ብሎ ያዛል። ተንበርከኩ፣ እጁን ያዙ ብሎ ሊያዝ አይችልም። ቢሆንም የወህኒ ቤት ሹም መርዶ ይዞ ወደ እስረኛ ሲሄድ ቢያንስ ሲሱሉን ሊጠራለት ይችላል። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት፣ ከእስረኞቹ መካከል ለዚህ ሰው ቅርቡ ማን ነው ብሎ መጠየቅ በየትኛውም አገር ጸጥታን አያናጋም። እኛ ያለ ሕግና ያለ ደመወዝ፣ በየሰፈሩ፣ ይህንኑ ስናደርግ ኖረናል።

ማንዴላ በፌብሩዋሪ 1990 ተፈቱ። በዚያው ዓመት ወደ አደጉበት ገጠር ወደ ቁኑ ሄደው የእናታቸውን መቃብር አዩ። ጌጥ የሌለው፣ ጥቂት ድንጋዮችና የተገለበጡ ጡቦች የተደረደሩበት ቀላል መቃብር ነበር። እናታቸው ካረፉ 22 ዓመት ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት የተደረደሩትን ድንጋዮች ሌላ ሰው አኖራቸው።

ወረቀት ምን ያውቃል ወዳቂን መያዝ፣
ቀለም ምን ይሸከም የኀዘንን ጓዝ።
ቃሉ ቀድሞ ገባ በር ተከፍቶለት፣
ሰው ከኋላ መጣ እጁን ይዞለት።
ድንጋዩ ይጠብቅ በመቃብር ዳር፣
እስኪፈታ ድረስ የአባትየው እግር።